ወዚር ያዞራት ማዞሪያ

ሮቤ ውስጥ ወዚርን የማያውቅ ሰው ካለ ቤቱ መብራት ያልገባለት ሰው ነው። የሆቴል ምድጃ ገመዱ ሲቃጠል፣ የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ሲያንቧርቅ፣ የባለሱቁ ፍሪጅ ሰው ሲነዝር የሚጠራው እሱ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ነው። «ጠፍቷል» ብትለው አያምንህም፤ ቴስተሩን ይዞ ሄዶ ራሱ ያያል። ቴስተሩንም አያምነውም፤ መጀመሪያ መብራት ባለበት ሶኬት ላይ ነክቶ መሥራቱን ካላረጋገጠ አይሠራበትም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለወዚር የሥራ መመሪያ ነበር።

እኔ በእውቀቱ እባላለሁ። ከጎጃም መጥቼ በሮቤ የሙያ ማሠልጠኛ ኤሌክትሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የወዚርን ታሪክ ለመናገር ከእኔ የምትሻል ሰው አለች፤ ሚስቱ ኡሙሰልማ። እሷ ግን ከእኔ ጋር ስለ እሱ አትነጋገርም። ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

የተወለደው ጎሮ ገጠር ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነው የአባቱ መሬት ለወንድሞቹ እንኳ ስለማይበቃ ወደ ጎባ ወጣ። ጎባ ያን ጊዜ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ለከተማው መብራት የሚሰጥ የናፍጣ ጄኔሬተር ነበራት። ወዚር እዚያ ዘይት ጠራጊ ሆኖ ገባ። በ1983 ወታደሩ ካምፑን ጥሎ ሲሄድ ከጄኔሬተሩ ሠራተኞች ግማሾቹ አብረው ሄዱ፤ የቀሩት አንድ አሮጌ አለቃና ወዚር ነበሩ። ሁለቱ ሆነው ከተማዋን ለወራት አበሩ። አንድ ቀን አለቃው ቦርዱ ውስጥ እጁን ከትቶ ሳለ፣ ወዚር የጨረሰ መስሎት ማብሪያውን አነሳው። ሰውዬው ሁለት ጣቱን አጣ። ይቅር ብሎታል፤ ሲሞትም መርቆት ነው የሞተው። ወዚር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንንም ዝምታ እንደ መልስ ቆጥሮ መብራት አንስቶ አያውቅም። ማብሪያ ከማንሳቱ በፊት በአካባቢው የሚሠራውን ሰው ሁሉ በስሙ ይጠራል፤ ሁሉም «አቤት» ካላለ እጁን አያነሳም። ሰው ይስቅበት ነበር። «ወዚር የትምህርት ቤት ስም ጠሪ ቢሆን ይሻለው ነበር» ይሉታል፤ እሱም ከሚስቁት ጋር ይስቅና ስሙን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይጠራል።

ቱፋ የሚባል ነጋዴ ከሮቤ ወጣ ብሎ የዱቄት ፋብሪካ ሲያቆም ወዚርን ቀጠረው። ማሽኖቹ ከውጭ የመጡ አሮጌዎች ነበሩ፤ ዋናው ብሬከር ግን ደህና ነበር። መለስተኛ ሻንጣ ያህላል፤ ፊቱ ላይ መዳፍ የምታክል ጥቁር ሳጥን ተገጥማለች። ትሪፕ ትባላለች። በብሬከሩ የሚያልፈውን ከረንት ያለማቋረጥ እየለካች፣ ከልኩ ሲያልፍ ወይም ወደ መሬት ሲሾልክ ብሬከሩን የምታስጥለው፣ ኃይሉን የምታስቆርጠው፣ እሷ ናት። ልኩን የምትወስነው በትንንሽ ማዞሪያዎች ነው። ወዚር እንግሊዝኛ የተማረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ የዚህችን ሳጥን መመሪያ ግን መዝገበ ቃላት ይዞ፣ ያልገባውን እኔ ጋ እያመጣ፣ በአንድ ክረምት ከዳር እስከ ዳር አነበበው። የተዋወቅነው እንዲህ ነው። ዲፕሎማ ካላቸው ተማሪዎቼ ውስጥ ያንን ያህል የገባው አላገኘሁም፤ ይህን ስል አላጋንንም፤ አሁንም እኮ ያናድደኛል።

ነገሩ የመጣው በ2000 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነው። የሚሊኒየሙ በዓል ባንዲራ ከየሱቁ በር ገና አልወረደም። ስንዴው ታጭዶ፣ ከገሰራም ከጎሮም መጥቶ በቱፋ ግቢ ተከምሮ ሳለ ያለወቅቱ ዝናብ ገባ። መጋዘኑ ሞልቷል፤ የተረፈው በሸራ ሥር ነው። በዚህ መሐል ዋናው ብሬከር በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይጥል ጀመር። ሲጥል ፋብሪካው በሙሉ ቀጥ ይላል፤ ለማስነሳት ሰዓት ይፈጃል።

ቱፋ ፍርዱን የሰጠው በመጀመሪያው ቀን ነው። «ብሬከሩ ተበላሽቷል» አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉታል እንዲህ ያለውን። ወዚር ግን ሁለት ቀን ሙሉ ቆሞ ሲጠብቅ አንድ ነገር አየ። ስንዴ ከመፈጨቱ በፊት ውሃ እየተረጨበት ያድራል፤ ይህ የሚሠራበት ርጥብ ክፍል ከወፍጮው ግድግዳ ጀርባ ነው። ብሬከሩ የሚጥለው ሁልጊዜ ውሃው ከተከፈተ ትንሽ ቆየት ብሎ ነው።

እኔ ጋ መጣ። ማሠልጠኛችን እንዲህ ያለችውን ትሪፕ የሚፈትሽ መሣሪያ በእርዳታ አግኝቶ ነበር፤ ሳጥኑ ሳይከፈት አቧራ ለብሷል። ፈርሜ አወጣሁትና በባጃጅ ጭነን ሄድን።

ያን ቀን የሠራነውን እስከ ዛሬ በየተራው አስታውሰዋለሁ። ኃይሉን አጥፍተን፣ ወዚር ስም ጠርቶ፣ ብሬከሩን ከቦታው ሳብነው። መጀመሪያ የጠረጠርነው ራሷን ትሪፗን ነው። በኒውትራሉ፣ በመመለሻው ሽቦ፣ ላይ የተገጠመው መለኪያ ቀለበት ተገልብጦ ከሆነ፣ የሌለ የከረንት ፍሳሽ አለ ብላ ልትጥል ትችላለች። አየነው፤ በትክክል ነው የተገጠመው። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካን፤ የላላ የለም። ቀጥሎ መሣሪያውን ሰካንና እውነተኛ ፍሳሽ የሚያስመስል ትንሽ ከረንት አስገባንባት። በሁለት አሥረኛ ሴኮንድ ገደማ መጣል አለባት። ዜሮ ነጥብ ሃያ አንድ። ደገምን፤ ዜሮ ነጥብ ሃያ ሁለት። ሠለስን፤ ዜሮ ነጥብ ሃያ አንድ። ከዚያ ወዚር «አሁን ደግሞ መጣል የሌለባትን እንያት» አለ። ከልኩ በታች አስገብተን አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠበቅን። ንቅንቅ አላለችም።

«አትዋሽም» አለኝ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ርጥቡ ክፍል ውስጥ ከረንት ይፈሳል። ወለሉ ሥር የተቀበረው ገመድ ይመስለኛል።»

ወለሉ ተቆፍሮ ገመዱ እስኪቀየር ሦስት አራት ቀን ፋብሪካው መቆም ነበረበት። ወዚር ይህን ለቱፋ ነገረው። ቱፋ መጥፎ ሰው አይደለም፤ ልጅህ ታሟል ሲሉት እንደማይሰማ አባት ዓይነት ሰው ነው፤ የሚፈራውን ነገር ስትነግረው ጆሮው ይደፈናል። የገሰራ ገበሬዎች በሩ ላይ ቆመዋል፤ ስንዴው ከሥሩ መብቀል ጀምሯል፤ ስልሳ የቀን ሠራተኛ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። «የምታስጥለዋን ማዞሪያ ዝጋትና ሥራ» አለው። ለፍሳሽ የምትሠራዋ ማዞሪያ መጨረሻዋ ላይ ስትደርስ ትዘጋለች፤ ከዚያ በኋላ ትሪፗ ፍሳሹን አይታ እንዳላየች ታልፋለች። ወዚር «አልዘጋም» አለ። ቱፋ ቢቆጣ አልዘጋም አለ። ሌላ ሰው አምጥቼ አዘጋለሁ ቢል «አምጣ» አለው፤ ቱፋም ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው እንደሌለ ያውቃል።

ሌላ አገር ቢሆን ባለቤቱ ሠራተኛውን ያባርራል። አገሩ ባሌ ነውና ሽማግሌ ላከበት።

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ ዲኖ ቤቴ መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ስንት የደም ነገር ያበረዱ ሰው ናቸው፤ የእሳቸውም ስንዴ ከሸራው ሥር ነበር። ከኋላቸው ሦስት ሽማግሌዎች አሉ። «መምህር፣ ወዚርን ልንለምን ነው። አንተም ና» አሉኝ። እኔ ገና ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የሽማግሌ ዕድሜ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። «ሽማግሌነት በጢም አይደለም። አንተ የተማርክ ሰው ነህ። አሥር ዓመት እኛ ጋ ኖረሃል፤ የኛ ሰው ነህ» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። አሥር ዓመት ሙሉ ሰላምታ ሲሰጡኝ፣ ሠርግ ሲጠሩኝ፣ ለነገር ግን ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። ኮቴን አውጥቼ ለበስኩ። መስታወት ፊት ቆሜ ሸሚዜን ሳስተካክል የምሄደው ለምን እንደሆነ ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም።

ወዚር ቤት ስንደርስ ሽማግሌዎቹ አልገቡም። ከደጁ ከሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ በእጃቸው የነጩትን ለምለም ሣር ይዘዋል፤ ለእኔም ሰጡኝ። ይህ እንግዲህ ልመናው የምር መሆኑ ነው። ኡሙሰልማ ወተት ይዛ ወጣች። ማንም አልተቀበላትም። የሽማግሌ ልማድ ይህ ነው፤ የመጣበትን እሺ ካላሉት አይቀምስም። ወተቱን መሬት ላይ አስቀምጣ በሩ ውስጥ ቆመች።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣» አሉ ሐጂ ዲኖ፣ «የመጣነው ልንለምንህ ነው። ስንዴው ዝናብ ላይ ነው። ሰው ዓመት የደከመበት ነው። አሥር ቀን ብቻ ስጠን። በአሥራ አንደኛው ቀን ቱፋ ፋብሪካውን ያቆማል፤ ገመዱ ይወጣል። ቃሉን ለእኔ ሰጥቷል።»

ወዚር ቁጢጥ ብሎ መሬት መሬት ያያል። «ሐጂ፣ ሌላ የፈለጉትን ይጠይቁኝ። ላሜን ይውሰዱ። ይህ ግን የእኔ አይደለም፤ የሠራተኛው ነፍስ ነው።»

«ነፍስ በአላህ እጅ ነው።»

«ነው፣ ሐጂ። ማዞሪያዋ ግን በእኔ እጅ ናት።»

ሽማግሌዎቹ አልተነሱም። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን፤ ጭጋጉ እንደ ውሃ ልብሳችንን አራሰው፤ ወተቱ ላይ ስልባቦት ጣለ። ጎረቤት በአጥሩ ላይ ያይ ጀመር። ሽማግሌ ደጁ ተቀምጦ ያልሰማ ሰው እዚህ አገር ምን እንደሚባል ወዚር ያውቃል፤ ልጁ ሲታመም፣ ላሙ ስትሞት፣ በዚያ ምክንያት ነው ይባላል። ቢሆንም አልሰጥም ብሎ ነበር። ይህን ማንም እንዲረሳው አልፈልግም። አልሰጥም ብሎ ነበር።

ያኔ ሐጂ ዲኖ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህሩ ያውቃል። መምህር፣ እውነቱን ተናገር፤ ይህች ነገር የተሠራችው ሰው ለመጠበቅ ነው?»

ሁሉም አዩኝ። ሣሩ እጄ ውስጥ አለ። «በመጽሐፉ መሠረት፣» አልኩ፣ «ሰው ለመጠበቅ አይደለም። ገመድና ማሽን እንዳይቃጠል ነው።»

ይህ እውነት ነው። የትኛውም መጽሐፍ ላይ እንዲህ ተጽፏል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ግን አልተናገርኩም። ወለሉ ርጥብ ሲሆን፣ የመሬት ሽቦው ሲያረጅ፣ ገመዱ የማሽኑን ብረት ሲነካ፣ ያ ብረት ከረንት ለብሶ እንዳይቆይ የምታደርገው እሷ ብቻ መሆኗን አልተናገርኩም። አውቀው ነበር። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የእኔ አፍ ግን አላመለጠውም፤ እስከ ግማሽ ተናግሮ ቆመ።

ወዚር ቀና ብሎ አየኝ። «ይኸው ነው?» አለኝ።

«ይኸው ነው» አልኩት።

ተነሣና ወተቱን ከመሬት አንስቶ በሁለት እጁ ለሐጂ ዲኖ ሰጣቸው። እሺ ማለቱ ነው። ሐጂ ጠጡ፤ ለሁላችንም አዞሩ፤ እኔም ጠጣሁ። ወዚርን እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው መረቁት። ስንሄድ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማዞሪያዋን ዘጋ። ከዘጋ በኋላ ግን አልተኛም። የፈሰሰውን ከረንት ወደ መሬት የሚያወርድ አዲስ ብረት ቀበረ፤ ርጥቡን ክፍል በቁልፍ ዘግቶ ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረ፤ ለዚያ ክፍል ሠራተኞች የጎማ ቦቲ አስገዛ። ኃይል እያለ ማንም እንዳይገባ ከለከለ። ሥራ ሲቆም ብቻ ይከፍታል፤ ጠርገው ሲወጡ ስም ጠርቶ ብሬከሩን ያነሳል። ስድስት ቀን በደህና አለፈ። ብሬከሩ አንድ ጊዜም አልጣለም። ገበሬዎቹ ደስ አላቸው፤ ቱፋ ደስ አለው፤ እኔም፣ ይቅር ይበለኝና፣ ምክሬ የሠራ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

ሰባተኛው ቀን ዓርብ ነበር። ለጁምዓ ፋብሪካው ይቆማል። ወዚር ኃይሉን አጥፍቶ፣ ርጥቡን ክፍል ከፍቶ፣ ስንዴ የሚገፋው የብረት ቦይ ውስጥ የተጣበቀውን እንድትዝቅ ዙሀይራ የምትባል ሠራተኛ አስገባ። «እኔ ሳልመጣ ማንም አያንሳ» ብሎ ለቱፋም ለሁሉም ነግሮ መስጊድ ሄደ።

ሶላቱ አልቆ ሲወጣ በሩ ላይ ሐጂ ዲኖ ያዙት። ከገሰራ የመጡ ገበሬዎች ሊያመሰግኑት ፈልገው ነበር። አንዱ እጁን ይስማል፤ ሌላው «ገለቶሚ፣ አላህ ይጠብቅህ» ይላል። ሰው እያመሰገነህ ጥለህ አትሄድም። ቱፋ ቀድሞ ሰግዶ ወደ ፋብሪካው ተመልሷል፤ ደመናው ተራራው ላይ ጠቁሯል። ሃያ ደቂቃ ጠበቀ። ከዚያ ብሬከሩ ፊት ቆሞ «ማን አለ?» ብሎ አንድ ጊዜ ጮኸ። የሚመልስ የለም። አነሳው።

ዙሀይራ ግድግዳው ጀርባ ነበረች። አልሰማችም። ቦቲው ሰፍቷት፣ ቦዩ ውስጥ ለመግባት አውልቃ ከዳር አስቀምጣዋለች። የቦዩ ሞተር አልተነሳም፤ የራሱ ማብሪያ አለው። ከወለሉ ሥር የሚመጣው ገመድ ግን ከዚያ ማብሪያ በፊት ነው ብረቱን የሚነካው። ማዞሪያዋ ክፍት ብትሆን ኖሮ ብሬከሩ በሁለት አሥረኛ ሴኮንድ ይጥል ነበር። ወዚር ከመስጊድ ሲመለስ ወፍጮው ሲጮኽ ከሩቅ ሰማና ሮጠ። እሱ ነው ያጠፋው፤ እሱ ነው ያወጣት። ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። ሁለት ልጆች ነበሯት።

ከቤተሰቧ ጋር የነበረውን ሽማግሌዎቹ ጨረሱት፤ እርቅ ወረደ፤ የዙሀይራ አባት ወዚርን እጁን ይዘው «አንተ አይደለህም» አሉት። ሕግ ግን የራሱ መንገድ አለው። ፖሊስ ማዞሪያዋን ማን እንደዘጋት ጠየቀ። ወዚር «እኔ ነኝ» አለ። «ማን አዘዘህ?» «ማንም።» በእርግጥ ማንም አላዘዘውም፤ ለመኑት። ሽማግሌ ደጅህ ተቀምጦ የለመነህን ነገር ለፖሊስ አትሰጥም፤ ነውር ነው። ቱፋ «እኔ ማብሪያ አነሳሁ እንጂ ስለ ማዞሪያ ምን አውቃለሁ?» አለ፤ በገንዘብ ተቀጥቶ ወጣ። ሐጂ ዲኖ ታመው ተኙ፤ የምር ታመው ነበር። «ዝም በል፤ እኛ በሽማግሌ እንጨርሰዋለን» ብለው ላኩብኝ። ዝም ለማለት መልእክት አላስፈለገኝም ነበር።

ከዚያ ፖሊስ እኔ ጋ መጣ። ያችን ትሪፕ መርምሮ በጽሑፍ የሚያስረዳ ባለሙያ ሮቤ ውስጥ ሌላ የለም። እምቢ ማለት እችል ነበር። «እኔ እዚያ ደጅ ላይ ነበርኩ፤ ለዚህ ነገር አልሆንም» ማለት ብቻ ነው። አላልኩም። መሣሪያውን ይዤ ሄድኩ። ብሬከሩ ታሽጓል፤ እሽጉን ፈቱልኝ። የፍሳሹ ማዞሪያ መጨረሻዋ ላይ ናት። ወደ ቦታዋ መልሼ ሦስት ጊዜ ፈተሽኳት። ስም የሚጠራ ሰው አልነበረም። የጻፍኩት አራት መስመር ነው፤ መሣሪያዋ ጤነኛ ናት፤ የፍሳሽ መጠበቂያዋ በሰው እጅ ተዘግቷል፤ ባይዘጋ ኖሮ ኃይሉን ታቋርጥ ነበር። «ሌላ ማስታወሻ» የሚል ቦታ ነበረው። ባዶ ተውኩት።

ችሎቱ በኦሮምኛ ነው። እኔ እስካሁንም ከገበያ ኦሮምኛ አላለፍኩም፤ አስተርጓሚ አቆሙልኝ። ኡሙሰልማ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ያን ቀን በሩ ውስጥ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። ለሰው እንዳትናገር ባሏ ከልክሏታል፤ እኔን እንዳታይ ግን አልከለከላትም። ወዚር ቆሟል። አንድ ጊዜ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ።

ዐቃቤ ሕጉ ሪፖርቴን አነበበና ጠየቀኝ። አስተርጓሚው ወደ አማርኛ መለሰው። «የዚህ ሥራ እውቀት ያለው ሰው፣ እንዲህ ያለ መጠበቂያ ዘግቶ ፋብሪካ ያስነሳል?»

ጊዜ ነበረኝ። አስተርጓሚ ሲኖር ለማሰብ ጊዜ አለ። ወዚር አላየኝም፤ እጆቹን ነበር የሚያየው።

«አያደርገውም» አልኩ።

«ሂን ጎዱ» አለ አስተርጓሚው፤ ጸሐፊው መዘገበው። ኡሙሰልማ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሥታ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ በመንገድ ስንተላለፍ ሰላምታዬን አትመልስም።

በቸልተኝነት ሰው መግደል ተብሎ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደበት።

እስር ቤት ልጠይቀው ለመሄድ ሦስት ወር ፈጀብኝ። ስኳርና ሳሙና ይዤ ሄድኩ። በሽቦው አጥር ወዲያና ወዲህ ቆምን፤ የተፈቀደልን አሥር ደቂቃ ነው። ከስቷል። አካም ጅርታ፣ እንዴት ነህ፣ ልጆቹ፣ ሥራው፣ ክረምቱ፣ ሁሉን ጠየቀኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስትፈትሻት ስንት አወጣች?» አለኝ።

«ዜሮ ነጥብ ሃያ አንድ።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

«እንደ በፊቱ ናት» አለ። ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት በእጁ ከለከለኝ። «ፍርድ ቤት ያልከው ልክ ነው» አለኝ። «እውቀት ያለው ሰው አያደርገውም። እኔ ተጠራጥሬ ነበር። ሽማግሌዎቹን እንኳ እንቢ ብዬ ነበር። እውቀት ያለው ሰው ‹ይኸው ነው› ሲለኝ ነው እጄን የሰጠሁት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ወደ ፊትም አልናገርም። ኡሙሰልማም አትናገርም።»

«ምን ላድርግልህ?» አልኩት።

«ለእኔ ምንም። አንተ ተማሪ አለህ። በየዓመቱ ይህን ነገር ታስተምራለህ አይደል? እዚያ ስትደርስ ንገራቸው። ዙሀይራ የምትባል ሴት እንደነበረች፣ ማን ምን እንዳለ፣ ምን ሳይል እንደቀረ ንገራቸው። የእኔንም ስም ጥራ፤ ግድ የለኝም። ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩ። ወላሂ አስብሎኝ ሳይሆን በፈቃዴ ነው ቃል የገባሁት።

ወዚር ሲፈታ ሮቤ አልቆየም። ወደ ጫካው አገር ወደ ሪራ ወርዶ ከኡሙሰልማ ዘመዶች ጋር በጫካው ቀፎ ይሰቅላል አሉ። ገመድ አይነካም፤ ቤቱም መብራት አላስገባም። ቱፋ የፋብሪካውን ወለል አስቆፍሮ ገመዱን አስቀይሯል፤ ሦስት ቀን ነው የፈጀው። ሐጂ ዲኖ ዐርፈዋል።

እኔ አሁንም አስተምራለሁ። ሁለተኛው ዓመት ሁለተኛ ወሰነ ትምህርት ላይ፣ ሚያዝያ ገደማ፣ ስለ ፍሳሽ መጠበቂያ የሚለው ምዕራፍ ይመጣል። መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እንዴት እንደሚፈተሽ አሳያቸዋለሁ፤ ቁጥሩን ያነብባሉ፤ ይጽፋሉ። በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል። «መምህር፣ ይህ ሰው ለመጠበቅ ነው?» ይለኛል። በመጽሐፉ መሠረት ሰው ለመጠበቅ አይደለም፣ ገመድና ማሽን ለመጠበቅ ነው እላለሁ፤ ክፍሉ ይጽፋል፤ እኔም ቀጥዬ ልነግራቸው ትንፋሼን እስብና ገጹን እገልጣለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።